ጥርኝ ውሃውን የጠጣው ሰው፦ አገልግሎትና ተቀባዩ በአማርኛ ትረካ

የአማርኛን ሥነ-ጽሑፍ ጥናቶች የተከታተለ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ የልብ-ወለዶቻችን ጭብጥ ሲቆጠር ፍቅርና ጋብቻ፣ ሹመትና ግፍ፣ የአሮጌውና የአዲሱ ዘመን ግብግብ ደጋግመው ይነሣሉ። ሃይማኖትም ይነሣል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው እንደ ሥርዓት፣ እንደ ካህናት ጠባይ ወይም እንደ ለውጥ እንቅፋት ነው። ሃይማኖት በእጅ ሲሠራ፣ ማለትም አንድ ሰው ስለ እምነቱ ብሎ ሌላውን ሲያበላ፣ ሲያጠጣ፣ ሲያስታምም፣ ትረካው ይህን እንዴት አድርጎ እንደሚያቀርበው ሲመረመር እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን በመጠኑ ይሞክራል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ በአገልግሎት ትረካ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? ሰጪው ነው ወይስ ተቀባዩ?

ጥያቄው የመጣብኝ ከመጻሕፍት አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ የቃል ሥነ-ጽሑፍ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ በታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተቀምጠው የሚለምኑ ሰዎችን ቃል እንዲሰበስቡ አዝዤ ነበር። ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት፤ ከተቆረቆረች ገና ሰባት ዐሥርተ ዓመታት እንኳ አልሞሏትም። ነዋሪዋ ከየአቅጣጫው የመጣ ነው፤ ለማኙም እንደዚያው። አፉን በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ የፈታ ሰው በዚያ ዕለት «ስለ ገብርኤል»፣ «ስለ እመብርሃን»፣ «ከክፉ ይሰውራችሁ» እያለ በአማርኛ ይለምናል። ለጥናት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ተማሪዎቹም ብዙ ይዘው መጡ። ከመካከላቸው የአንዱ ማስታወሻ ግን በገጹ ኅዳግ ላይ አንዲት አሮጊት የተናገሩትን ይዟል። መቅረጫውን ባዩ ጊዜ፣ «ቃሌን ልትወስድ ነው? እሺ ውሰድ፤ ለማን ልታደርሰው ነው?» አሉት። ተማሪው ይህን ከመረጃው ውጭ አድርጎ በኅዳግ ጻፈው። እኔም እንደ መምህር ሳርመው በቀይ እስክሪብቶ ከቦ «ከርእሰ ጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም» ብዬ መለስኩለት። ስሕተቴን ያወቅሁት ከወራት በኋላ፣ ለሌላ ኮርስ ስዘጋጅ የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንደገና ሳነብ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት በቃሉ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ዛሬ በከተማችን «አገልጋይ» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው ማን ነው? በሰንበት ትምህርት ቤቱም ይሁን በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ የሚዘምር ወይም የሚሰብክ፣ ማይክሮፎን የያዘ ሰው ነው። ድንች የሚልጡት፣ ሳሕን የሚያጥቡት፣ የታመመ ሰው ልብስ የሚያጥቡት «ይረዳሉ» ይባላል እንጂ «ያገለግላሉ» ሲባል ብዙ አይሰማም። ቃሉ የተነሣው ግን ከዚያ ከጓዳው ነበር። ዲያቆን የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍቺው አገልጋይ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ሰባቱ የተመረጡት መበለቶች በዕለቱ ማዕድ እንዳይዘነጉ ነው። ከማዕድ ወደ መቅደስ፣ ከመቅደስም ወደ መድረክ የወጣውን ቃል ወደ ኋላ መጎተት የሐያሲ ሥራ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ቃሉ በወጣ ቁጥር አንደበት እያወጣ፣ እጁ እየተረሳ መጥቷል። አንደበቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሰጪው ነው።

በወንጌሉ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስለ አገልግሎት በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰውን የማቴዎስን ምዕራፍ 25 እንደ ሰባኪ ሳይሆን እንደ ትረካ ተማሪ እንመልከተው። የተራበው፣ የተጠማው፣ የታረዘው፣ የታሰረው እኔ ነበርሁ ብሎ በአንደኛ መደብ የሚናገረው ፈራጁ ራሱ ነው። ይህም ማለት ታሪኩን የሚተርከው ተቀባዩ ነው። የሰጡት ሰዎች መቼ እንደሰጡ እንኳ አያውቁም፤ ተደንቀው ይጠይቃሉ። በትረካ አነጋገር የእይታ ነጥቡ (የአንጻር ጉዳይ የምንለው) ሙሉ በሙሉ በተቀባዩ እጅ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የሚታሰበው የዮሐንስ ወንጌል ታሪክም ቢሆን ታጣቢውን ዝም አያሰኝም፤ ጴጥሮስ እምቢ ይላል፣ ይከራከራል፣ በኋላም ከተጠየቀው በላይ ካልታጠብሁ ይላል። እነዚህን ሁለት ትረካዎች እንደ መለኪያ ይዘን ወደ እኛው ጽሑፎች ስንመጣ ምን እናገኛለን?

በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ከተደረገው ከተአምረ ማርያም ታሪኮች መካከል በሕዝብ ዘንድ እንደ በላዔ ሰብእ ታሪክ የገነነ ያለ አይመስለኝም። ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ቢኖር በግድግዳ ሥዕል አይቶታል። ቅምር በተባለ አገር የሚኖር ባለጸጋ ሰው መብላት ይጀምራል፤ ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ ያጠፋል። በመንገድ ሲሄድ አንድ ለምጽ ያወጣበት፣ ውሃ ጥም ያቃጠለው ድሃ ያገኛል። ድሃው ውሃ ይለምነዋል። በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው አይሰማም፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ልቡ ይነካና ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ሲሞትም ነፍሱ በሚዛን ትቀመጣለች፤ በአንድ ወገን 78 ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያቺ ጥርኝ ውሃ። በእመቤታችን ምልጃ ውሃዋ ትደፋለች።

ታሪኩን ብዙ ሰዎች በሁለት መንገድ ያነቡታል። አንደኞቹ የምልጃን ኃይል፣ የምሕረትን ወሰን የለሽነት ያዩበታል፤ ሁለተኞቹ ደኅንነትን በእፍኝ ውሃ የሚያረክስ ነው ብለው ይነቅፉታል። ክርክሩ የነገረ መለኮት ሰዎች ነውና ለእነርሱ እንተወው። ለእኛ የሚያስፈልገን ሁለቱም ወገኖች የሚመለከቱት አንድ ሰው መሆኑ ነው፤ በላዔ ሰብእን። ስለ ድሃው የሚያነሣ የለም። ሆኖም የታሪኩን አሠራር ለተመለከተ ትልሙን የሚያንቀሳቅሰው ድሃው ነው። በላዔ ሰብእ መንገዱን ይሄዳል፤ ድሃው ያስቆመዋል። በላዔ ሰብእ ይነፍጋል፤ ድሃው ተስፋ አይቆርጥም፣ አንድ ስም ሲዘጋበት ሌላ ስም ያነሣል። ይህ በየደጀ ሰላሙ የምንሰማው የልመና ጥበብ ነው፤ «ስለ ገብርኤል» ሲባል ያልዘረጋ እጅ «ስለ ማርያም» ሲባል ይዘረጋል። ለማኙ የሰሚውን ልብ እየደባበሰ በሩ የት እንዳለ ይፈልጋል። የበላዔ ሰብእን ልብ በር ያገኘው ድሃው ነው። ያ ሰው ከልጅነቱ የሰማውን፣ ራሱም የረሳውን ስም ያስታወሰው እርሱ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛው ሌላውን አገለገለ ብንል መልሱ እንደ ወትሮው ቀላል አይሆንም። አንዱ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ሌላው የሚድንበትን ቃል ሰጠው።

ይሁን እንጂ ጥንታዊው ጽሑፍም ነቀፌታ አያጣውም። በሚዛኑ ፊት ነፍሳት፣ መላእክት፣ እመቤታችን ሁሉም አሉ፤ ድሃው ግን የለም። ጥሙ ቆርጦለት እንደ ሆነ፣ ከዚያ መንገድ ዳር ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ እኔ በማውቀው ንባብ ታሪኩ አይነግረንም። ውሃዋ ከከንፈሩ ወደ ሚዛን ስትዘል እርሱ በመካከል ይጠፋል። ሠዓሊዎቻችን በዚህ ረገድ ከጸሐፊው ይሻላሉ ባይ ነኝ፤ ሁለቱን ትዕይንት አጎራብተው ስለሚሥሉ፣ ሚዛኑን የሚያይ ምእመን እጁን የዘረጋውን ሰውዬም አብሮ ያየዋል።

ከዚህ ወደ ዘመናዊው ልብ-ወለድ ስንሻገር የመጀመሪያው መጽሐፍ ራሱ በአገልግሎት መነሣቱ ያስገርማል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (ብዙዎቻችን «ጦብያ» የምንለው) በጦርነት የተማረከ ደጃዝማች፣ የማያውቀው ነጋዴ አዝኖለት ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህች አንዲት ደግነት መዘዝ ነው። ልጁ ዋህድ ባለውለታውን ፍለጋ ወጥቶ ለባርነት ይዳረጋል፤ እኅቱ ጦብያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች፤ ፍጻሜው የንጉሥ መጠመቅና ሠርግ ነው። ስለ መጽሐፉ ሲጻፍ ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ በጦብያ ውበትና በሃይማኖቱ ድል ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ግን የልቦለዱ ሞተር ውለታ ነው፤ ያውም ሊመለስ የማይችል ውለታ። ነጋዴው በነጻ ሰጠ፤ የተቀበለው ቤተሰብ ግን በነጻ መቀበልን አልቻለበትም። ለምን? ተቀባዩ ደጃዝማች ስለሆነ ይመስለኛል። የመኳንንት ቤት ሰጪ መሆን እንጂ ተቀባይ መሆን አይሆንለትም። እዚህ ተቀባዩ አንደበት አለው፤ አንደበቱን ያገኘው ግን ከማዕረጉ ነው። አፈወርቅ ሳያስቡት ይሁን አስበውት፣ ስጦታን ተቀብሎ ዝም ማለት ለኩሩ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይተውናል። ማዕረግ የሌለው ተቀባይስ? እርሱ አይከብደውም ማለት ነው? ከዚያ መጽሐፍ መልስ አናገኝም።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) ላይ ብዙ አልቆይም። ሙሉ ርእሱ የቅኖችንና የደግ አድራጊዎችን መኖሪያ ይጠራልና ጭብጣችን በሽፋኑ ላይ ተጽፏል ማለት ይቻላል። ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰው አወቀ በተዝካር ድግስ ጉዳይ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ግጭቱ ብርቱ ነው፤ ለሙታን ስም የሚባክነው ሀብት ለሕያዋን ቢውል የሚለው ሐሳብ ዛሬም አላረጀም። ነገር ግን የሚከራከሩት የተማረውና ዘመዶቹ፣ በኋላም ካህናቱ ናቸው። በድግሱ ደጃፍ የሚኮለኮለው፣ ተዝካሩ ቢቀር ምሳው የሚቀርበት ነዳይ፣ እንደ እኔ ንባብ፣ ከተከራካሪዎቹ ወገን አልተቆጠረም። የደግነት መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ደግ የሚደረግለት ሰው ፊት አይታይም።

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ግን ሌላ ነው። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ስለ ጉዱ ካሣ፣ ስለ ገበሬዎቹ አመፅ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ እርሱን ልለፈው። እኔ የምጠቁመው በዛብህ የተሳለ ልጅ መሆኑን ነው። ልጆች እየሞቱባቸው የተቸገሩት ቦጋለና ውድነሽ ይህ ከተረፈ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ይሁን ብለው ይሳላሉ። በሌላ አነጋገር እርሱ አገልጋይ ከመሆኑ በፊት ስጦታ ነው፤ ሌሎች የሰጡት። በሕይወቱ ሁሉ የሚታገለው ሳይጠየቅ ከተሰጠበት ከዚህ ስእለት ጋር ነው። አገልግሎት ያለ ፈቃድ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ያሳየ የአማርኛ መጽሐፍ አላውቅም።

በዛብህ ደግሞ የቆሎ ተማሪ ነበር። ይህ ለእኛ ጥያቄ ከሁሉ የላቀ ትርጉም አለው። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ፣ ከውሻ ተከላክሎ፣ ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ተመልሶ ቅኔ የሚቆጥር ሰው ነው። ለዘመናት የዚህ አገር የጽሑፍ ሰው የወጣው ከዚህ ለማኝ ነው። ባለቅኔው፣ መተርጉሙ፣ ድርሳን ጸሐፊው አንድ ጊዜ በሰው ደጅ ቆሞ ያውቃል፤ እንጀራ ሲወረወርለትና በእጁ ሲሰጠው ያለውን ልዩነት ያውቃል። የበላዔ ሰብእን ድሃ የጻፈ ወይም የተረጐመ እጅ ይህን ሳያውቅ የጻፈው አይመስለኝም። ሐዲስም በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፉ ሰው ናቸው፤ የተማሪውን ረኃብና ኀፍረት ሲጽፉ ከውስጥ ሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ደራሲ የሚወጣው ከደመወዝተኛ ቤትና ከዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ሆነ። እኔም ከዚያው ነኝ። ለምነን አናውቅምና የምንጽፈው ከሰጪው ወገን ነው።

አንባቢ በዚህ ላይ ሊቃወመኝ ይችላል፤ ኅሩይስ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አልነበሩም? ነበሩ። ስለዚህ የደራሲው የሕይወት ታሪክ ብቻውን መልስ አይሆንም። ኅሩይ «አዲስ ዓለም»ን ሲጽፉ ሊመክሩ ተነሥተው ነው፤ የሚመክር ሰው ደግሞ ፊቱን ወደሚመከረው፣ ማለትም ወደ ባለሀብቱ ያዞራል። ሐዲስ ሊመክሩ ቢፈልጉም እንኳ ሊተርኩ ተነሥተዋል። ልዩነቱ ከዚህም የመጣ ይመስለኛል።

በዚሁ መጽሐፍ ፍጻሜ ላይ ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ሞት አፋፍ ላይ ታገኘዋለች። ትዕይንቱ የፍቅር መከራ ተብሎ ይለቀስለታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ልብሱን ልብ እንበል። ለማምለጥ ብላ የለበሰችው የምንኩስና ልብስ በኋላ እውነት ይሆናል፤ በመካከል ያለው ሥራዋ ማስታመም ነው። የፊታውራሪ ልጅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሌሎች ያገለገሏት፣ እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው አዋለች። ተቀባዩም በዛብህ ነው፤ ታሪኩን ከልጅነቱ የምናውቀው፣ ስም ያለው፣ የሚናገር ሰው። ስለዚህም ነው ይህ ትዕይንት ስብከት የማይሸተው።

ከልብ-ወለድ ወጥተን ወደ እውነተኛው ታሪክ አነጋገር ስንመጣ ሚዛኑ እንደገና ወደ ሰጪው ያጋድላል። የወይዘሮ አበበች ጎበና ታሪክ በጋዜጣና በራዲዮ ስንት ጊዜ እንደተተረከ መቁጠር አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በወሎ ረኃብ መካከል ከሞተች እናቷ ጡት ያልተላቀቀች ሕፃን ያያሉ፤ ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ ልጆቹ ሲበዙ ባላቸው ወይ እኔን ወይ እነርሱን ይላቸዋል፤ ልጆቹን መርጠው ከቤት ይወጣሉ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያሳደጓቸው ልጆች እጅግ ብዙ ነበሩ። የሴትዮዋን ሥራ አሳንሶ የሚያይ ካለ እኔ አይደለሁም። ቅሬታዬ በትረካው ላይ ነው። የሞተችው እናት ስም የላትም፤ ሕፃኗ ካደገች በኋላ የምትለው ነገር ከታሪኩ ጋር አብሮ አይነገርም። ወይዘሮ አበበችን ብዙዎች «እዳዬ» ይሏቸው ነበር። የስያሜው ምንጭ ምንም ይሁን፣ በአማርኛ ጆሮ «የእኔ ዕዳ» የሚል ይሰማበታል። ያቺን ቃል ያደጉት ልጆች አፍ ላይ ስትሆን ምን ማለት ናት? አፈወርቅ በደጃዝማቹ ቤት የጀመሩት የውለታ ጥያቄ እዚህ እንደገና ብቅ ይላል፤ እስካሁን የጻፈው የለም እንጂ የአንድ ልብ-ወለድ ጭብጥ ይወጣዋል።

ተቀባይ ደፍሮ ሲናገር ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ጽሑፍ አለን፤ ሥነ-ጽሑፍ ተብሎ አይቆጠርም። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ጭብጡ ባጭሩ፣ ረጂዎች ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ የማይሰጡት በራሳቸው መለኪያ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም፤ የሚያስፈልገንን እናንተ ሳትሆኑ እኛ እናውቃለን የሚል ነው። የደብዳቤውን ነገረ መለኮት ለመመዘን አልተነሣሁም። ቅርጹን ብቻ እንመልከት፤ ተቀባይ ለሰጪ የጻፈው ነው፣ ያመሰግናል፣ ይሞግታል። ጴጥሮስ እግሩን ሰብስቦ እምቢ እንዳለው ያለ ነው። ከሐዋሳ ዙሪያ እስከ ይርጋለም በሚስዮን ክሊኒክና ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ብዙ ነውና፣ በዚህ አካባቢ የተቀባይነትን ታሪክ ከውስጥ ሊጽፍ የሚችል ሰው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። እስካሁን የደረሱኝ ግን የተቋማት ታሪኮችና የምስጋና መጽሔቶች ናቸው።

በቴሌቪዥንና በተንቀሳቃሽ ስልክ የምናየውን የዛሬውን የእርዳታ ጥሪ በዚህ ዓይን ማየት የአንባቢ ፈንታ ነው። ታማሚው ያለቅሳል፤ አስተዋዋቂው ይናገራል፤ ከታች የባንክ ቁጥር ይጻፋል። ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ ሰውየውም ይታከማል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም የደጀ ሰላሙ ለማኝ በገዛ ቃሉ፣ በገዛ ስልቱ፣ ሰሚውን እያየ ይለምን ነበር፤ እዚህ ግን ልመናውን ሌላ ሰው ወስዶለታል። አንድ የቃል ሥነ-ጽሑፍ ዘርፍ ዓይናችን እያየ ባለቤቱን እየለወጠ ነው።

ወደ ተማሪዬ ማስታወሻ ልመለስ። ውጤቱን ካስረከብሁ በኋላ ስሕተቴን ላርም ብዬ ብፈልገው ተመርቆ ሄዷል። ወረቀቱ ግን በቢሮዬ አለ። በቀይ የከበብሁትን አረፍተ ነገር ለዘንድሮ ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ «ይህ ልመና ነው ወይስ ሒስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ግማሾቹ ልመና ነው አሉ። አንዲት ተማሪ ግን እጇን አውጥታ፣ «መጀመሪያ ሴትዮዋን ሄደን እንጠይቃቸው» አለች። በሚቀጥለው ታኅሣሥ 19 መቅረጫ ሳይዙ እንዲሄዱ ተስማምተናል።